ስለ አንቺ ያልኩት የት አለ?

ጥር 2015 ዓ.ም. ነበር። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ሮስተር የምንሞላበት ሳምንት። ደሴ ላይ ያስተማረ ሰው ያን ሰሞን ያውቀዋል፤ ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ግቢው ውስጥ ይወርድና ጠመኔ የያዘ ጣት አልታጠፍ ይላል። ርዕሰ መምህሩ ጠራኝና «የትምህርት ቤቱ የግለ ግምገማ ቅጽ የአንቺ ልጆች ድምፅ ይጎድለዋል፤ ሱፐርቫይዘሩ ሐሙስ ይመጣል» አለኝ። «የአንቺ ልጆች» የሚባሉት አካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች ናቸው። በትምህርት ቤታችን የልዩ ፍላጎት መምህርት እኔ ብቻ ነኝ። የምልክት ቋንቋ የሚችለው፣ ብሬል የሚያነበው፣ የመርጃ ክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው አንድ ነው፤ እሱም እኔ።

ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት፤ ስለምነው የኖርኩት ነገር ነበርና። ሌላ ጊዜ ቅጹ እጃቸው ሳይደርስ ነው የሚሞላው። አንድ ዓመት የክፍል አለቃው በሁሉም ስም «እስማማለሁ» የሚለው ሳጥን ላይ ራይት እያደረገ ሲሞላላቸው በዓይኔ አይቻለሁ። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ስታጸድቅ አንቀጽ 7ንም አብራ ተቀብላለች። ልጆቹ በሚመለከታቸው ጉዳይ ሁሉ ሐሳባቸውን በነጻነት እንዲገልጹ፣ ለዚህም ዕድሜያቸውንና ጉዳታቸውን ያገናዘበ እገዛ እንዲያገኙ የሚለውን። እኔ «እገዛ» የሚለውን ቃል ባነበብኩ ቁጥር የምትታየኝ ራሴ ነበርኩ።

ሐሙስ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀመጥን። ርዕሰ መምህሩ፣ ሱፐርቫይዘሩ፣ የወላጅ መምህር ኅብረት ሰብሳቢው፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው መምህር፣ እኔ፣ ሦስት ልጆች።

የመጀመሪያው የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት የ4ኛ ክፍል ልጅ ነው። «ትምህርት ቤት ትወዳለህ?» ሲሉት «አዎ»፤ «መምህራን ይረዱሃል?» ሲሉት «አዎ»። ጸሐፊው ደስ ብሎት ሲጽፍ እኔ «ትምህርት ቤት ትጠላለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። «አዎ» አለኝ፤ በዚያው ፈገግታ። በዓመቱ ውስጥ ስንት ቅጽ በዚህ «አዎ» እንደተሞላ አስቡት። ከስብሰባው በፊት እጁን ይዤ ግቢውን አዙሬው ነበር፤ ሮቶው ጋ ስንደርስ እግሩን ተክሎ አልሄድም ብሎኛል። ትልልቆቹ ልጆች ከዚያ ጀርባ ነው የሚቀመጡት። ይህን ተናገርኩለት፤ ተጻፈ።

ዓይነ ስውሩ የ8ኛ ክፍል ልጅ መልሱን ጽፎ ነው የመጣው። አንድ የነበረን ፐርኪንስ፣ የብሬል መጻፊያ ማሽን፣ በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ የመርጃ ክፍሉ በር ተሰብሮ ስለተወሰደ፣ በስሌትና በስታይለስ፣ ማለትም በብሬል መጻፊያ ሰሌዳና በመውጊያ፣ ነጥብ በነጥብ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ወግቶ ሁለት ገጽ ሞልቷል። ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየውና መልሶ ለእኔ ሰጠኝ። «በኋላ ታነቢልናለሽ።»

ከዚያ የ7ኛ ክፍሏ ልጅ ተራ ደረሰ። መስማት የተሳናት ናት። የምልክት ስሟ ሹሩባ ነው፤ ከትከሻ ላይ ወደ ታች ሳብ የሚደረግ። የእኔ የምልክት ስም ደግሞ በጠቋሚ ጣት ጉንጭ መንካት ነው፤ ስርጉድ ስላለኝ። ያወጣችልኝም እሷው ናት፣ 3ኛ ክፍል እያለች።

አስተርጓሚ በልጁ አፍ ነው የሚናገረው። «እሷ እንዲህ ትላለች» አይልም፤ «እኔ» ይላል። አይጨምርም፣ አይቀንስም። ይህን ሥልጠና ላይ ተምሬዋለሁ፣ ለሌሎችም አስተምሬዋለሁ።

ቆማ ጀመረች። የሒሳብ መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ እየጻፈ ያወራል አለች። እኔን ካየች ሰሌዳው ያመልጣታል፣ ሰሌዳውን ካየች እኔ አመልጣታለሁ። መጀመሪያ ጽፎ፣ ከዚያ ዞሮ ያስረዳ። እኔ ግን ያልኩት «መምህራችን ጎበዝ ነው፤ ቢቻል ግን ጽፎ ሲጨርስ ዞር ብሎ ቢያስረዳን ደስ ይለኛል» ነው። ጎበዝ ነው አላለችም። ደስ ይለኛልም አላለችም። ቀጥላ፣ ክፍሉ ሲስቅ ምን እንዳሳቀው ማንም አይነግረኝም፣ ስጠይቅ «ቆይ» ይሉኛል፣ ቆይቶም አይነግሩኝም አለች። ይህን እንዳለ አወጣሁት፤ ርዕሰ መምህሩ አቀረቀረ።

ከዚያ ጉንጯን ነካች።

ስሜን ነው የጠራችው። እያየችኝ ነበር፣ ግን ንግግሩ ለእነሱ ነው። በእረፍት ሰዓት ሁልጊዜ አጠገቤ ትቆማለች፤ እሷ ስላለች ልጆች አይመጡም፤ ሲመጡም የሚያናግሩት እሷን ነው፤ እኔን አያዩኝም። ይህን ሁሉ በምልክት ካለች በኋላ አንድ ቃል በጣት ፊደል ጻፈች፤ እንዳላጣምመው መሰለኝ። በእኛ የጣት ፊደል የእጅ ቅርጹ ፊደሉን ሲያሳይ እንቅስቃሴው ከሰባቱ ቤቶች የትኛው እንደሆነ ይነግራል። ዘ። በ። ኛ። ያልገባኝ መስዬ ቅንድቤን አነሳሁ። ደገመችው፤ ቀስ አድርጋ። ዘበኛ።

አራቱ ትልልቅ ሰዎች እኔን እያዩ ይጠብቃሉ። በደንቡ ከሄድኩ በራሴ አፍ «መምህርቷ ዘበኛዬ ሆናብኛለች፤ በእሷ የተነሳ ጓደኛ የለኝም» ማለት ነበረብኝ።

«በእረፍት ሰዓት ከሌሎች ልጆች ጋር ይበልጥ ብቀራረብ ደስ ይለኛል» አልኩ።

ሱፐርቫይዘሩ «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» አለ። ተጻፈ።

ለምን እንደዚያ አደረግሽ ብትሉኝ ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው አስተዳደጌ ነው። እኛ ወሎ ላይ ያደግን ሰዎች መራራ ቃል በደረቁ አናቀብልም። እናቴ ለጎረቤቷ «በግሽ ጎመኔን ፈጀው» ለማለት ስለ ልጆቹ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያው ጠይቃ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ነው የምታነሳው። ይህን ጠባይ እወደዋለሁ፤ ብዙ ጠብ አብርዶልናል። የልጅቷ ቃል ግን የእናቴ ቡና አይደለም፤ የእኔም አይደለም። ሁለተኛው መልስ ያመኛል። 5ኛ ክፍል እያለች ወንዶች ልጆች እጇን እያስመሰሉ ሲያሾፉባት ከርመው ነበር። ሰኞ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጠው እናቷ መጥታ እጄን ይዛ «አደራ፣ እህቴ፣ ከዓይንሽ አትራቅ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእረፍት ሰዓት ሻይ ጠጥቼ አላውቅም። አጠገቧ ቆሜያለሁ፤ በብርዱም፣ በፀሐዩም። ያን «ዘበኛ» ስትለው ጆሮዬን ጥፊ እንደመታኝ ነው የሆንኩት።

ሰኞ ቃለ ጉባኤው ታይፕ ተደርጎ መጣ፤ ተሳታፊ ሁሉ ይፈርማል። ሹሩባን ወደ መርጃ ክፍሉ ጠራኋትና እስክሪብቶ ሰጠኋት። ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች አነበበች። ቀስ ብላ ነው የምታነበው፤ አማርኛ ለእሷ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ስትጨርስ ወረቀቱን ገለበጠችው፣ ጀርባው ባዶ ነው። እንደገና መለሰችው። ስለ ሒሳብ መምህሩ የተጻፈው ጋ ጣቷን አሳርፋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ጉንጯን ነካችና እጆቿን ዘረጋች። በምልክት ቋንቋ ጥያቄው ፊት ላይ ነው ያለው፤ ቅንድቧ ተሰብስቧል።

«ስለ አንቺ ያልኩት የት አለ?»

«ረሳሁት» አልኳት።

«አልረሳሽም። ደግሜልሻለሁ።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አልወረወረችውም፣ አላለቀሰችም። አጠገቤ አስቀመጠችውና ወደ ክፍሏ ሄደች።

ያን ቀን ማታ የዓይነ ስውሩን ልጅ ሁለት ገጽ አነበብኩ። መጨረሻው ላይ ስለ ሐሳብ መስጫ ሳጥኑ ጽፏል። ስም ሳትጽፉ ክተቱ ትሉናላችሁ ይላል፤ እዚህ ግቢ በብሬል የሚጽፍ እኔ ብቻ ነኝ፣ የምታነበውም መምህርቷ ብቻ ናት፤ ስሜን ባልጽፍ ምን ይለውጣል? ሳጥኑን ያሠራሁት እኔ ነኝ። ጣቴን ከነጥቦቹ ላይ ሳላነሳ ብዙ ቆየሁ። ሁለቱ ልጆች ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ነው የነገሩኝ። አፋቸውም ዓይናቸውም እኔ ከሆንኩ በእኔ ላይ ያላቸው ቅሬታ በየት በኩል ይወጣል? ትምህርት ቤቱን ሁሉ መክሰስ ይችላሉ፤ እኔን ግን ለመክሰስ እኔን ማስፈቀድ አለባቸው።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ጋ ሄጄ የጎደለውን ነገርኩት። ቅን ሰው ነው፣ ሊያጽናናኝ ፈለገ። «ተይው መምህርት፣ አብሽሪ፤ እሱ እኮ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ አይደለም። ደግሞ ስንት የደከምሽላት ልጅ አንቺን ማሳጣቷ ነው? ልጅ ናት፣ ነገ ትረሳዋለች።» ይኸው ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ሰሌዳ ሲያወሩ ድምፃቸው «የተማሪዎች ድምፅ» ይባላል፤ ስለ እኛ ስለ አጋዦቻቸው ሲያወሩ ውለታ መርሳት ይሆናል። «እኔን ካላሳጣች መቼ ተናገረች?» አልኩት። እሱም ዝም አለ፤ ወረቀቱን ግን ሰጠኝ።

ሹሩባ ኅዳጉ ላይ በእጇ ጻፈችው። «መምህርቷ እረፍት ላይ አብራኝ ትቆማለች ልጆች አይመጡም። ዘበኛ ናት።» ከዚያ ፈረመች። በእሷ ፊት ከሥሩ እኔም ፈረምኩ። ቃለ ጉባኤው እንደዚያው ሆኖ ወደ ወረዳ ሄደ፤ አንብበውት ይሁን አይሁን መልስ አልመጣም።

የሒሳብ መምህሩ አሁን ጽፎ ይዞራል፤ ከአሥር ጊዜ ሰባቱን። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጨረሻ ለግምገማው ሹሩባን ሐሳቧን የጠየቀቻት ከተማ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ መስማት የተሳናት ሴት ናት። እኔ ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም። ሁለቱ በምልክት ተነጋገሩ፣ ሴትዮዋ በአማርኛ ጽፋ ለርዕሰ መምህሩ በፖስታ ሰጠችው። ለብሬሉ ግን እስካሁን ሌላ አንባቢ አላገኘሁም። ልጁ ሳጥኑ ውስጥ ምንም አይከትም፤ የሚለውን መጥቶ ፊት ለፊት ይለኛል።

እረፍት ላይ መቆሜን የተውኩት የካቲት ላይ ነው። መጀመሪያ እናቷን ሰኞ ገበያ ድረስ ሄጄ አስፈቀድኩ፤ አደራ ነዋ። የመጀመሪያው ቀን ከመርጃ ክፍሉ መስኮት አየኋት፤ ግድግዳውን ተደግፋ ብቻዋን ቆማለች። ሁለተኛውም ቀን እንዲያው። ሦስተኛው ቀን እጄ የበሩ እጀታ ላይ ነበር፤ እንደምንም ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሳምንቱን ሙሉ ብቻዋን ነበረች፤ እኔም ሻዬን ሳልጠጣ አቀዘቀዝኩት።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ከቢሮ ወደ መርጃ ክፍሉ ሳቋርጥ አምስት ስድስት ልጃገረዶች ሱዚ ይዘላሉ፤ ሹሩባ አንዱን ጫፍ በእግሯ ይዛለች። ከነሱ መሃል ምልክት ቋንቋ የሚችል አንድም ልጅ የለም። አንዷ አየችኝና ጣቷን ወደ ጉንጯ ወሰደች። አጠገቧ ያለችውም ጉንጯን ነካች፤ ቀጥሎ ሦስተኛዋ። ሹሩባ ዞር ብላ አየችኝ፣ ሁሉም ዝም ብለው እስካልፍ ጠበቁ። ካለፍኩ በኋላ ከጀርባዬ ሳቃቸውን ሰማሁ፤ የእሷም ድምፅ ውስጡ አለ።