አርፋጅ የሚለይ ፕሪንተር

ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙን ተዉት) "ፕሪንተራችን አርፋጅ ይለያል" ብሎ ጠራኝ። በ2፡30 ቢሮ የገባ ያትማል፤ ከ3 ሰዓት በኋላ እየተንጠባጠበ የሚገባው ግን አንዲት ወረቀት አይወጣለትም። ኃላፊው ነገሩን ከልባቸው ወደውታል። ጸሐፊዋ ደግሞ ብርዱ ነው ባይ ናቸው፤ ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ የኅዳር ውርጭም ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ ማሽኑን የመንዝ ባና ደርበውለት አገኘሁት።

"እትዬ፣ ብርድ ቢሆን ኖሮ እኮ እምቢ የሚለው ጧት ነበር። ይሄ የሚያኮርፈው ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ነው።"

"ታዲያ ሙቀቱ ይሆናላ!" አሉና ባናውን ገፈፉለት።

እንዲህ ያለ "ለአንዱ ይሠራል፣ ለሌላው አይሠራም" የሚባል አቤቱታ ሲመጣ ቀለምና ገመድ ከመነካካት በፊት የኔትወርክ አድራሻ (አይፒ) ማየት ነው። ከሚያትሙት አንዱ ኮምፒውተር 192.168.1.55 ነው፤ ከማያትሙት አንዱ 192.168.1.71። ፕሪንተሩ ራሱ 192.168.1.20 ላይ ተቀምጧል። ከ71 ፒንግ (መኖሩን የሚጠይቅ አጭር መልእክት) ሲላክለት ዝም። ወዲያው የኤአርፒ ሠንጠረዡ (ኮምፒውተሩ የጎረቤቶቹን አይፒና የማሽን ቁጥር የሚመዘግብበት) ሲታይ ግን የፕሪንተሩ ማክ አድራሻ፣ ማለትም የማሽን ቁጥሩ፣ ቁጭ ብሏል። ይህን ምልክት ያዙት፦ ገመዱም ስዊቹም ደህና ናቸው፣ ጥያቄው ደርሷል፤ የጠፋው መልሱ ነው። መልስ ብቻ ሲጠፋ ደግሞ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የተጠያቂው ማስክ ነው፤ ማስክ ማለት የትኛው አድራሻ የራስ ሰፈር እንደሆነ የሚወስን ቁጥር ነው።

የፕሪንተሩ የማስተካከያ ገጽ ሲታተም ሳብኔት ማስክ 255.255.255.192፣ ጌትዌይ (ወደ ሌላ ሰፈር የሚያሻግረው በር) 0.0.0.0፣ ማለትም ባዶ፣ ይላል። የቀሩት ማሽኖች በሙሉ 255.255.255.0 ናቸው። ከዚህ ቀደም አንድ ባለሙያ ኔትወርኩን አራት ቦታ ሊከፍል ከፕሪንተሩ ጀምሮ፣ እዚያው ላይ ትቶት ሄዷል።

ማስኩ የትኞቹን አድራሻዎች እንደሚይዝ በጣት ከመቁጠር አይፒካልክ (ipcalc) የምትባለው ትንሽ ፕሮግራም ትሻላለች። በዴቢያንና በኡቡንቱ በአፕት ትጫናለች፤ ከተጫነች በኋላ ኢንተርኔት አትፈልግም፣ ኔትወርክ በሄደ ቁጥር እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። በተርሚናል ስሟን ጽፎ ከአንድ ክፍት ቦታ በኋላ 192.168.1.20/26 ማለት ነው። በ26 ፋንታ ሙሉውን 255.255.255.192 ቢሰጧትም ትቀበላለች። የምትመልሰው ይህን ነው፦ ኔትወርኩ 192.168.1.0/26፣ የመጀመሪያው ሆስት (ለማሽን የሚሰጥ አድራሻ) 192.168.1.1፣ የመጨረሻው 192.168.1.62፣ ብሮድካስቱ (ሁሉም በአንዴ የሚጠሩበት አድራሻ) 192.168.1.63፣ የሆስት ብዛት 62። አጠገቡ በ0 እና በ1 የተጻፈ ሰልፍ ታሳያለች፤ እሱ ዓይን የሚያስቸግረው ሰው ቢ (-b) የሚለውን አማራጭ ይጨምርና ይገላገል። እኔ ግን እንዲታይ እመክራለሁ፤ 192 ማለት 11000000 መሆኑ እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለቱ 1ዶች ከፊተኛው 24 ጋር 26 ይሆናሉ፣ የቀሩት 6 ቢቶች 64 አድራሻ ይሰጣሉ፣ ከዚያ ለኔትወርኩና ለብሮድካስቱ 2 ይቀነሳል።

እንግዲህ ለዚህ ፕሪንተር ከ64 ጀምሮ ያለው ሁሉ ሌላ አገር ነው። 71 "አትምልኝ" ሲለው ይሰማል፤ ሊመልስ ሲል "ይሄ ሰው የእኛ ሰፈር አይደለም" ብሎ ጌትዌይ ይፈልጋል፣ ጌትዌይ የለውም፣ መልሱን ይጥለዋል። የ63 ዕጣ ደግሞ የባሰ ነው፤ ፕሪንተሩ የራሱ ብሮድካስት አድራሻ አድርጎ ስለሚያየው ጭራሽ እንደ ሰው አይቆጥረውም።

አርፋጁስ? በዲኤችሲፒ ለየማሽኑ አድራሻ የሚያድለው ሳጥን ከ50 ጀምሮ ነው የሚሰጠው፣ ያውም ሁልጊዜ ባዶ ያገኘውን ትንሹን ቁጥር። የኪራይ ጊዜው አጭር ስለሆነ ሌሊቱን ሁሉም ቁጥር ነጻ ይወጣል። ከ50 እስከ 62 ደግሞ 13 ነው። ጧት መጀመሪያ ዋይፋይ የያዙ 13 ዕቃዎች የማተም ዕድል አላቸው፤ 14ኛው 63ን ይዞ ይቀራል። ዕቃ ያልኩት አውቄ ነው፤ የጥበቃው ስልክ 50ን፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ስልክ 51ን ይዘው ይውላሉ፣ አንድም ገጽ ሳያትሙ። ሒሳብ ሹሟ 2፡25 ደርሳም አላተመችም፤ የዚያን ዕለት ባለጉዳዮች ቀድመዋት በረንዳው ላይ ዋይፋይ ሲጠቀሙ ነበር።

ጥገናው ከፕሪንተሩ ሰሌዳ ላይ ማስኩን 255.255.255.0 ማድረግና አጥፍቶ ማብራት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማስኩን ትቶ ጌትዌዩን 192.168.1.1 (የዚያው ሳጥን አድራሻ) ብሎ መሙላት ላይ ነው። ያ ደግሞ የሚሠራ ይመስላል፤ ሳጥኑ መልሱን ተቀብሎ ወደዚያው ኔትወርክ ይመልሰዋል። ግን ሳጥኑ በተጨናነቀ ቁጥር ማተሚያው አብሮ ይቆማል፣ 63ም እንደ ተገለለ ይቀራል።

ኃላፊው "ለአንድ ወር እንደነበረ ቢቆይስ? የሰዓት ፊርማ እኮ ተስተካክሎ ነበር" አሉ። ጸሐፊዋ ገላመጧቸው።

ኔትወርኩን እውነት መክፈል ከተፈለገ አይፒካልክ ኤስ (-s) በሚለው አማራጭ ትከፍላለች። 192.168.1.0/24 ሰጥቶ ከኤስ በኋላ 50 20 10 ሲባል ለሠራተኛው 192.168.1.0/26፣ ለእንግዳው 192.168.1.64/27፣ ለካሜራው 192.168.1.96/28 ታወጣለች፤ ከ112 ጀምሮ ያለው ባዶ መሆኑንም ትናገራለች። ሁለቱን ተጨማሪ አድራሻ ራሷ ስለምትደምር እናንተ አትደምሩ፦ 62 ሆስት ስትጠይቁ 64 ትይዛለች፣ 63 ብትሉ ግን ወደ 128 ትዘላለች። በፌዶራ ያለችው በስም አንድ ብትሆንም ሌላ ፕሮግራም ናት፣ አማራጮቿም ይለያያሉ። ደግሞም ክፍፍሉ ወረቀት ላይ እንዳይቀር ቪላን (አንዱን ስዊች እንደ ብዙ ስዊች መክፈል) የሚችል ስዊችና በየክፍሉ መካከል የሚያሻግር ራውተር ያስፈልጋል፤ የዚህ ቢሮ ስዊች አይችልም፣ ስለዚህ ሁሉም /24 (255.255.255.0) ላይ እንዳለ ቀጥሏል።