የሐረጎ ቁልቁለትና የሞተሬ የፊት ሾክ

ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ መሥራት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። ሥራዬ የውሃ ፓምፕ ጥገና ነው። 20 ኪሎ የሚሆን የመሣሪያ ሣጥን ከኋላዬ አስሬ ጠዋት በሞተር ብስክሌቴ ሐረጎን፣ ማለት በሁለቱ ከተሞች መሐል ያለውን ቁልቁለት፣ እወርዳለሁ፤ ማታ መልሼ እወጣለሁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ስለዚህ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። በዚህ ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን በተያዘ ቁጥር የሰውየውም የዕቃውም ክብደት ተሰብስቦ የሚመጣው የፊት ጎማው ላይ ነው።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ጉሙ ገና ከመንገዱ አልተነሣም ነበር። ከፊቴ የሚወርደው ባለተሳቢ መኪና ኩርባው ላይ ፍሬን ያዘ፤ እኔም ያዝኩ። ሞተሩ በአፍንጫው ተደፋ፣ ሾኩ እስከ ታች ገባና አለቀ። በዚያው ቅጽበት ጎማው አስፋልቱ የተቦረቦረበት ቦታ ላይ ደረሰ። ሾኩ ከዚያ በላይ የሚገባበት ቦታ ስላልነበረው ምቱ በቀጥታ መሪው ላይ መጣ፤ የፊት ጎማው ዘለለና ወደ ገደሉ በኩል ይዞኝ ሄደ። አላህ አወጣኝ እንጂ ዳሩ አንድ ክንድ አይቀረውም ነበር። ዳር ይዤ ቆምኩና እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ጠበቅሁ። ስለ ሾክ ከልቤ ማሰብ የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

በዚያው ሳምንት አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። «ሾኩ ላልቷል፣ ወፈር ያለ ዘይት ይፈልጋል» ተባልኩና 20/50 የሞተር ዘይት ተሞላበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ደስ ብሎኝ ነበር፤ መደፋቱ በእርግጥ ቀንሷል። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ኮምቦልቻ መግቢያ አካባቢ ተከታታይ ጎርበጥባጣ ያለበት መንገድ ላይ መሪው እጄን እስኪያደነዝዘው ድረስ ይርገፈገፍ ጀመር። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሾክ ውስጥ ሞላ አለ፣ ዘይት አለ። ሞላው ይሸከማል፤ ዘይቱ ደግሞ በትንንሽ ቀዳዳዎች እያለፈ ሞላውን ይገራዋል። ዘይቱ ከልክ በላይ ከወፈረ ሾኩ አንዱን ጉብታ ውጦ ሳይመለስ ሁለተኛው ይመጣበታል፣ ከዚያ ሦስተኛው። እንዲህ እየሆነ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይሰበሰብና ሾክ መሆኑ ቀርቶ ዱላ ይሆናል። ሌላም ነገር አለ። ዘይት በብርድ ይወፍራል፤ ጠዋት ከደሴ ብርድ ስነሣና ከሰዓት በኮምቦልቻ ሙቀት ስነዳ ያው ሾክ ሁለት ዓይነት ጠባይ ያሳየኝ ነበር።

ቀጥሎ ያጠፋሁት እኔ ራሴ ነኝ። ሞላውን ባጠነክረው ይሻላል ብዬ 3 ሳንቲ ሜትር የኤሌክትሪክ መስመር ፕላስቲክ ቱቦ ቆረጥኩና ከሞላው በላይ ጨመርኩበት። የሞተሩ ፊት ከፍ አለ፣ ሲያዩትም ያምራል። ኩርባ ላይ ግን የፊት ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይዘል ነበር፤ ከጉድጓድ ሲወጣ ደግሞ ሾኩ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ «ጓ» ይላል። ጎማ ጉብታ ላይ መውጣት ብቻ ሳይሆን ጉድጓድ ውስጥ መውረድም አለበት። ለመውረድ የሚዘረጋበት ቦታ ሳልተውለት ነው ያሰርኩት።

ኮምቦልቻ ውስጥ ዕድሜያቸውን በሞተር ጥገና ያሳለፉ አንድ አባት አሉ። ሄጄ «ጋሼ፣ የፊት ሾኩ አስቸግሮኛል፣ ሁለቴ አስነክቼው ባሰበት» አልኳቸው። ሾኩን አላዩትም። ሞተሩን በመሐል መቆሚያው አቁመው ከኋላ እንድጫነው አደረጉና የፊት ጎማው ከመሬት ሲነሣ ሁለቱን የሾክ እግሮች ከታች ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ነቀነቁ። «ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል። መሪውን ቀስ ብለው ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት መሐል ላይ ሲደርስ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ያዝ አደረገው።

«ወላሂ ልጄ፣ ሾኩን ከመውቀስህ በፊት አንገቱን ብታይ ኖሮ ይህን ሁሉ አትደክምም ነበር» አሉኝ። የመሪው ኩሽኔታ አልቋል። ከዚያ ያሉኝን እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ፤ «ሁለት ነገር አንዴ አትቀይር፤ የትኛው እንደጠቀመህ፣ የትኛው እንደጎዳህ አታውቀውም።»

ኩሽኔታውን እሳቸው ጋ ቀየርነው። የአንገቱን ዳዶ ሲያጠብቁ መሪው በራሱ ክብደት ወደ ጎን እስኪወድቅ ድረስ ለቀቅ፣ ሲነቀነቅ ደግሞ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ጠበቅ አደረጉት። በዚህ ብቻ ሐረጎን ሦስት ቀን ወረድኩበት፤ ኩርባ ላይ የነበረው መዋለል ግማሹ ጠፋ። ሾኩን ከዚያ በኋላ እሑድ ቀን ቤቴ ግቢ ውስጥ ፈታሁት።

የሚፈታው በቅደም ተከተል ነው። የላይኛው ክዳን እግሩ ገና መያዣው ውስጥ እንዳለ ይላላል፤ ወጥቶ በእጅ ከተያዘ በኋላ ማላላት አስቸጋሪ ነው። የታችኛው ቡለንም ሞላው ውስጥ እንዳለ መላላት አለበት፤ ሞላው ካልተጫነው የውስጡ ዘንግ አብሮ ይዞርና ቀኑን ሙሉ ቢታገሉት አይወጣም። ክዳኑን በመጨረሻ ሲያወጡ ፊትን ዞር ማድረግ ነው፤ ሞላው ተጭኖ ስለሚቆይ ሊወነጨፍ ይችላል።

የወጣው ዘይት ጥቁር ግራጫ ሆኗል። በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ላይ አስተኝቼ ሳየው የብረት ብናኙ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ውስጡን በነጭ ጋዝ ሁለት ጊዜ አጠብኩት። የሚንሸራተተው የብረት ቱቦ ላይ ጠጠር የመታው ጭረት ነበረ፤ ጥፍሬን ሳስኬድበት ይይዘኛል። ፓራኦሊዮው፣ ማለት ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው የጎማ ቀለበት፣ የተቀደደው በዚሁ ጭረት ነው። ጭረቱን ሳያስተካክሉ አዲስ ፓራኦሊዮ ማስገባት ብር መጣል ነው። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርሼ፣ ቱቦውን ዙሪያውን እያዞርኩ ጥፍሬን እስኪለቅ ድረስ አሸሁት። አዲሱ ፓራኦሊዮ ሲገባ የቱቦው ጠርዝ ከንፈሩን እንዳይቆርጠው በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ላስቲኩን በዘይት ቀብቼ በላዩ ላይ አሳለፍኩት። ከዚያ ልኩ በሆነ የውሃ ቱቦ ቁራጭ ዙሪያውን እኩል እየመታሁ ቦታው አስገባሁት። ከታችኛው ቡለን ሥር ያለችውን የመዳብ ሮንዴላም ቀየርኳት፤ ትንሽ ናት፣ ግን አሮጌዋ ከተመለሰች ዘይቱ በሥር ይንጠባጠባል።

ለሾክ ተብሎ የተሠራ ዘይት ደሴ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ጋሼ የመከሩኝ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፤ ውፍረቱ ከ10 ቁጥር የሾክ ዘይት ጋር ተቀራራቢ ነው፣ ከ20/50 ጋር ሲነጻጸር ግን በጣም ቀጭን ነው። በፋርማሲ ሲሪንጅ እየለካሁ በእያንዳንዱ እግር 170 ሚሊ ሊትር ሞላሁ። የእኔ ሞተር የሚወስደው ነው፤ የሌላው ሌላ ስለሆነ የራስን ሞተር መመሪያ ማየት ይገባል። ቱቦውን ቀስ ብዬ ብዙ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች እየሳብኩ አየሩን አስወጣሁ፤ መጀመሪያ ይንቦጫረቅ የነበረው በመጨረሻ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ልስላሴ ያዘ። ሞላውን ከማስገባቴ በፊት ሾኩን እስከ ታች ከትቼ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ያለውን ቁመት በማስመሪያ ለካሁ፤ ሁለቱ እግሮች እኩል መሆን አለባቸው።

የሞላውን ነገር በግምት ሳይሆን በልክ ያየሁት አሁን ነው። አንዲት ፕላስቲክ የሽቦ ማሰሪያ በሾኩ የብረት ቱቦ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ፤ ሾኩ ሲገባ እየገፋት ስለሚሄድ ምን ያህል እንደገባ ታሳያለች። የሾኩ ሙሉ ጉዞ 12 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀድሞ የጨመርኩት የ3 ሳንቲ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ እያለ ሣጥኔን ጭኜ ስቀመጥበት የሚገባው 2.6 ብቻ ነበር። ቱቦው ሲወጣ ደግሞ 5.6 ይገባል፤ ገና ሳልነሣ የጉዞው ግማሽ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ነሐሴ ላይ ገደል አፋፍ ያደረሰኝ አንዱ ነገር ይኸው ነው። የሚፈለገው የጉዞው ሲሶ ያህል ነው፤ ስለዚህ የ1.5 ሳንቲ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ቆርጬ አስገባሁና 4.1 ላይ ደረሰ። መጨረሻ ላይ ወንድሜ ነው የለካልኝ፤ ሰው ራሱ ላዩ ተቀምጦ ጎንበስ ካለ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ልኩ ይበላሻል።

ይህ ሁሉ ሞላውን አያጠነክረውም። ይህን አለማወቄ ነበር ያሳሳተኝ። የፕላስቲክ ቱቦው ሞላው የሚነሣበትን ቦታ ብቻ ይቀይራል፤ የሞላው ጥንካሬ ያው ነው። ከዚህ በላይ የሚጭን ሰው ቱቦ መጨመሩን ትቶ ሌላ ሞላ መፈለግ ይኖርበታል።

አንድ ነገር ሞክሬ ትቼዋለሁ። የሾክ እግሮቹን በመያዣቸው ውስጥ 8 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ አሳለፍኳቸው፤ መሪው ቶሎ እንዲታዘዝ ያደርጋል ይባላል፣ እውነትም ያደርጋል። ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ በሰው መሐል ስነዳ ወደድኩት። ሐረጎ ላይ በፍጥነት ስወርድ ግን ፊቱ እረፍት አጣ። በማግስቱ ወደ ቦታው መለስኩት። የጎማ ንፋስ ግን ማንም ሳይፈታ የሚያስተካክለው ነው፤ የእኔ የፊት ጎማ ለወራት ከልኩ በታች ሆኖ ሲነዳ ኖሯል፣ አንድ ቀን እንኳ ለክቼው አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያንኑ ኩርባ ብዙ ጊዜ ወርጄዋለሁ። አሁንም ፍሬን ስይዝ ፊቱ ይደፋል፤ መደፋቱን ማጥፋት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ነገር ግን ተደፍቶ ይቆማል፣ አስፋልቱ የተቦረቦረበት ቦታ ሲደርስ ውጦ ለማለፍ ቦታ ይተርፈዋል። ማሰሪያዋን ከቱቦው ላይ አላወጣኋትም። ኮምቦልቻ ደርሼ ሞተሩን ሳቆም ጎንበስ ብዬ አያታለሁ። ዛሬ ጠዋት ከታችኛው ጠርዝ 9.5 ሳንቲ ሜትር ላይ ነበረች፤ ከጉዞው 2.5 ሳይነካ ቀርቷል።