መልሱን የደበቅኩት እኔው ነበርኩ

አንድ ማታ ፕሪንተሬ ሥራ መሃል ቀጥ አለ። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ትንሿ ስክሪን ላይ አንድ የስህተት ቁጥር ተደቅኗል። ጎግል ከፈትኩና እንደ ሰው አዋራሁት፦ «ፕሪንተሬ አላትምም አለኝ፣ ምን ላድርግ?» ያመጣልኝ ግማሹ ቀለም ሻጭ ነው። የቀረው ደግሞ «አጥፍተህ አብራው» ይላል። አጥፍቼ አብርቼዋለሁ እኮ!

ለጎግል ምን እንዲያመጣና ምን እንዲተው የሚነግሩት የፍለጋ ምልክቶች እንዳሉ በወሬ አውቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን የምር ገባሁበት።

መጀመሪያ የሞዴሉን ስምና የስህተት ቁጥሩን ለየብቻ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገባሁ። ጥቅሱ «ይህንኑ፣ እንዳለ» እንደማለት ነው። ያለሱ ጎግል ይመሳሰላል ያለውን ሌላ ሞዴል ሁሉ ያግተለትላል። ውጤቱ ወዲያው ጠበበ። ሻጮቹ ግን አልሄዱም።

እነሱን ለማባረር የመቀነስ ምልክት ተጠቀምኩ። ምልክቱ ከቃሉ ጋር መጣበቅ አለበት፤ ከበፊቱ ቃል ግን በክፍት ቦታ ይለያል። የምፈልገው በእንግሊዝኛ ስለነበር «ግዛ» እና «ዋጋ» የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ቀነስኩ። ነገሩ ሲጥመኝ «ቀለም»ንም ቀነስኩ። ይህችን ያዙልኝ።

ቀጥሎ የመመሪያውን ፒዲኤፍ ልፈልግ አልኩ። «ፋይልታይፕ» የሚለውን በላቲን ፊደል ጽፎ፣ ሁለት ነጥብ አድርጎ፣ ፒዲኤፍ ማለት ነው። ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ግማሽ ሰዓት አጠፋሁበት። ለካ ከሁለት ነጥቡ በኋላ ክፍት ቦታ መተው የለበትም። በዚያ ላይ የአማርኛ ኪቦርዴ የሚሰጠኝ ሁለት ነጥብ ለዓይን ያው ቢመስልም ለኮምፒውተሩ ሌላ ምልክት ነው። አሁን ምልክት ስጠቀም መጀመሪያ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ እቀይራለሁ።

መመሪያው ተገኘ። ቁጥሩን ፈልጌ ስደርስበት «ባለሙያ ያነጋግሩ» ይላል። በቃ ይኸው! ተናድጄ ተኛሁ።

ጠዋት ላይ የደረደርኳቸውን ምልክቶች አንድ በአንድ ማንሳት ጀመርኩ። «ቀለም» ላይ የነበረውን መቀነሻ ሳነሳ መልሱ ከላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ፕሪንተሩ ቀለም የሚረጭበትን አፍንጫ ሲያጸዳ የሚተፋው ቀለም ከሥር ባለ ስፖንጅ ይመጠጣል። ማሽኑ የተፋውን ይቆጥራል፤ ስፖንጁ ሞልቷል ብሎ ሲያስብ ሥራ ያቆማል። ስለ ቀለም የሚያወራ ገጽ «ቀለም» የሚል ቃል ሳይኖረው እንዴት ይቀራል? ሌሊቱን ሙሉ መልሱን ያባረርኩት እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ መቀነሻን የምጠቀመው መጨረሻ ላይ ነው። ምልክትም አንድ በአንድ እጨምራለሁ እንጂ አላዥጎደጉድም። ባዶ ውጤት ሲመጣ የትኛው እንዳበላሸው አውቃለሁ።

ከዚያ ገጽ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ግን ቃል ነው። ጠጋኞች ስፖንጁን የሚጠሩበት የራሳቸው ስም አለው፤ እንዲያውም ሁለት ስም። ሁለቱን በእንግሊዝኛው «ወይም» አያያዝኳቸው። ይህ ቃል በትልልቅ ፊደላት መጻፍ አለበት፤ በትንንሹ ከተጻፈ እንደ ተራ ቃል ይታያል። ከዚያ «ሳይት» የሚለውን ጨምሬ ፍለጋውን በአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ ወሰንኩት። በሁለት ደቂቃ አለቀ። ጥያቄዬን እንደ ባለ ችግር ሳይሆን መልሱን እንደጻፈው ሰው ስጽፈው ነው ነገሩ የቀለለው።

በአማርኛ ስፈልግ ሌላ ጣጣ አለ። ጥቅስ ውስጥ «ፀሐይ» ስል «ጸሐይ» ወይም «ፀሀይ» ብሎ የጻፈው ሊያመልጠኝ ይችላል። ስለዚህ ፊደሉን እየቀያየርኩ ደጋግሜ እሞክራለሁ። አሰልቺ ነው፤ ግን ያዋጣል።

የድሮ የምክር ዝርዝሮችንም አልተማመንባቸውም። ብዙዎቹ ዛሬም የመደመር ምልክትን ይመክራሉ፤ ጎግል ግን እንደ ፍለጋ ምልክት መጠቀሙን እ.ኤ.አ. በ2011 አቁሟል። ተቀምጦ የቆየ ገጽ ያሳይ የነበረው «ካሽ»ም እ.ኤ.አ. በ2024 ቀርቷል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2019 የመጡት «ቢፎር» (በፊት) እና «አፍተር» (በኋላ) ውጤቱን በቀን ስለሚገድቡ በተለይ ቶሎ ቶሎ ለሚለዋወጥ ሶፍትዌር ይጠቅሙኛል። ቀኑ ዓመት፣ ወር፣ ቀን እየተባለ በሰረዝ ይጻፋል።

ፕሪንተሩን ባለሙያ ከፈተው። ስፖንጁ እንደ ጭቃ ጠቁሮ ይንጠባጠባል። ቀይሮ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መለሰልኝና «ቀለሙ ነው እኮ» አለኝ።