ሸሚዜን የት ላስጣው?

ሻንጣ መጎተት አልወድም። ስጓዝ የምይዘው አንዲት የጀርባ ቦርሳ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ ጥቂት ካልሲና የውስጥ ልብስ፣ አራት ሜትር የምትሆን የናይለን ገመድ ብቻ ነው። ገመዷ ከስድስት መቆንጠጫ ጋር በትንሽ ከረጢት ትገባለች። ማታ አንዱን ሸሚዝ በእጄ አጥባለሁ፣ ጠዋት ሌላውን እለብሳለሁ። እንዲህ ስጓዝ ዓመታት አልፈዋል፤ ማጠቡ አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። ጣጣው ማስጫው ላይ ነው። አንዱ አገር ማንም ዞር ብሎ የማያየው ነገር ሌላው አገር ደብዳቤ ያስጽፋል።

ይህ መጀመሪያ የገባኝ ናፖሊ ላይ ነው።

ያረፍኩት ኳርቲየሪ ስፓኞሊ በሚባለው ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሰፈሩ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለስፔን ወታደሮች ተብሎ የተሠራ ነው። መንገዱ ከመጥበቡ የተነሳ የማዶው ጎረቤት ሲያስነጥስ ከመስኮትህ ሆነህ "ይማርህ" ልትለው ትችላለህ። ሞተር ሳይክል ሲመጣ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። ቀና ስትል ደግሞ ከመስኮት እስከ መስኮት ልብስ ነው። አንሶላ፣ የሕፃን ልብስ፣ የእግር ኳስ ማልያ፣ ጡት ማስያዣ። የተደበቀ ነገር የለም።

የእኔም መስኮት የራሱ ገመድ ነበረው። አንድ መዘውር እኔ ጋ፣ ሌላው ማዶ ግድግዳ ላይ፤ ገመዱ በሁለቱ መሃል ዞሮ ይገጥማል። አንዱን ልብስ ትቆነጥጣለህ፣ የታችኛውን ገመድ ትስባለህ፣ ልብሱ እየተንሿጠጠ ወደ መሃል ይሄዳል፣ ቀጣዩን ትሰቅላለህ። ከቆምክበት ንቅንቅ አትልም። እንደ ልጅ ወዲህና ወዲያ ስስበው አመሸሁ። ሸሚዜን ሁለት ትከሻው ላይ ቆንጥጬ ተኛሁ።

ጠዋት ገመዱ ላይ አንድ መቆንጠጫ ብቻ ቀርቷል። ሁለተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ አንዲት አሮጊት ሸሚዜን ይዘው ወደ ላይ ይጮኻሉ። እንደሚቆጡ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። አከራዬ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣችና መስኮቱ ሥር የነበረውን ቅርጫት በገመድ አወረደች። ያ ቅርጫት ፓናሮ ይባላል፤ ደረጃ መውጣትና መውረድ የሰለቸው ሰው ዕቃ የሚያወጣበት ነው። እማማ ግን ሸሚዙን ቅርጫቱ ውስጥ ከመክተታቸው በፊት ገልብጠው አሳዩኝ። ታቹ ወደ ላይ፣ ኮሌታው ወደ ታች። ጫፉን በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አደረጉና "እንዲህ!" ያሉ መሰለኝ።

ልክ ናቸው። እርጥብ ሸሚዝ ከባድ ነው። ትከሻው ላይ ከቆነጠጥከው ይለጠጣል፣ ሲደርቅም መቆንጠጫው የያዘበት ቦታ እንደ ሁለት ቀንድ ብቅ ብሎ ይቀራል። ታቹን ብትቆነጥጠው ግን ምልክቱ ሱሪ ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ ዘመን ሸሚዝ ለብሼ ማንም አልነገረኝም።

ሁለተኛው ጥፋቴ ከዚህ ይብሳል። ሳልጨምቅ ነው የሰቀልኩት። የእኔ ውሃ ሌሊቱን ሙሉ በእማማ ደረቅ አንሶላ ላይ ሲንጠባጠብ አድሯል። አከራዬ ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፣ የሰው ዕቃ የሰረቅኩ ይመስል። ለካ ማስጣቱ ምንም አይደለም፣ ነውሩ ማንጠባጠቡ ነው። የጣሊያን ሕግ አዋቂዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ጠብታ ስቲሊቺዲዮ የሚል ስም አላቸው፤ በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ ጎረቤቶችም በዚሁ ጉዳይ ፍርድ ቤት ይካሰሳሉ። አሳፍሮኝ ዳቦ ገዝቼ ሁለተኛ ፎቅ ወረድኩ። እማማ ዳቦውን ተቀበሉ፣ አልሳቁም።

ጣሊያኖች "የቆሸሸ ልብስ የሚታጠበው በቤት ውስጥ ነው" ይላሉ። ገመናህን አደባባይ አታውጣ ለማለት ነው። ከታጠበ በኋላ ግን ሌላ ነው፤ አደባባዩን ይሞላዋል። እንዲያውም አከራዬ እንዳለችው ያልነጣ አንሶላ ያሰጣች ሴት ትታማለች። ገመዱ ፈተና ነው በላት።

በሦስተኛው ቀን ቡና እየጠጣሁ ከታች አስጎብኚ ባንዲራዋን ይዛ መጣች፤ ከኋላዋ ሠላሳ የሚሆን ሰው ይከተላል። ሁሉም ስልካቸውን ወደ ላይ አነሱ። ቀና ብዬ ሳይ የሚያነሱት የእኔን ገመድ ነው። ሸሚዜ በእማማ ሕግ ተገልብጦ፣ ከጎኑ ሁለት ፓንት። ጉድ ፈላ። እስካሁን የእኔ ፓንት በስንት ሰው ስልክ ውስጥ "ውብ ጣሊያን" ተብሎ እንደተቀመጠ እግዜር ይወቀው።

ሊዝበን ላይ ብዙ አልቆየሁም። አልፋማ የሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ ከ1755ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የተረፈው፣ እዚያም ልብሱ ከመስኮት ሥር ይንጠለጠላል። ልዩነቱ ካፊያ ሲጥል የሊዝበን ሰው ልብሱን አለማንሳቱ ነው። ላዩ ላይ ላስቲክ ጣል ያደርግበትና ሥራውን ይቀጥላል። ወደድኳቸው።

ሲንጋፖር ግን አስፈራኝ። ከሕዝቡ 80 በመቶ የሚሆነው መንግሥት በሠራቸው ረጃጅም ሕንፃዎች ይኖራል። በቆዩት ሕንፃዎች ከማእድ ቤቱ መስኮት ሥር የብረት ቱቦዎች ተቀብረዋል። ልብሱን ሦስት ሜትር ገደማ በሚሆን ቀርከሃ ላይ ታሰጣለህ፣ ከዚያ ቀርከሃውን በመስኮት አውጥተህ ጫፉን ቱቦው ውስጥ ትሰካዋለህ። ልብሱ እንደ ባንዲራ አየር ላይ ወጥቶ ይቆማል። ሲነገር ቀላል ነው። ውሃ የጠጣ ጂንስ የተሸከመ ቀርከሃ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ በመስኮት ዘንበል ብለህ ያዝና ንገረኝ። ክንድህ ይንቀጠቀጣል፣ ታች ደግሞ ሰው ያልፋል።

ያሳደረኝ ሰውዬ ቀርከሃውን አላስነካኝም። "ለእንግዳ አይሰጥም" አለና ሸሚዜን ተቀበለኝ። ቀርከሃውን በአንዱ እጅጌ አስገብቶ በሌላው አወጣው። መቆንጠጫ እንኳ ብዙ አላስፈለገውም። በዚያ ጠራራ ሸሚዙ ለመድረቅ ሁለት ሰዓት አልፈጀበትም። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ነጎድጓዱ ገና አንዴ ሳያጉረመርም ከላይ እስከ ታች መስኮቶች ተከፈቱ፣ ክንዶች ወጡ፣ ቀርከሃዎቹ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ገቡ። ሕንፃው እሾሁን የሚያጥፍ ጃርት መሰለኝ።

ዙሪክ ላይ ያጋጠመኝ ደግሞ የዝምታ ጉዳይ ነው።

እዚያ ብዙ የኪራይ ሕንፃ ምድር ቤቱ ውስጥ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለው፤ ተራ የሚያዝበት መዝገብ አለ፤ ተራህን ያሳለፍክ እንደሆነ አለቀልህ። እኔ ከተራውም ከመዝገቡም አልደርስም ብዬ እንደ ልማዴ ቅዳሜ ማታ መታጠቢያ ቤት አጠብኩ። እሑድ ጠዋት ፀሐይ ወጣ። ሸሚዜን በረንዳው ብረት ላይ ዘረጋሁት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደወል ተደወለ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ናቸው። ሰላም አሉ፣ ስለ አየሩ አመሰገኑ፣ ከዚያ ዛሬ እሑድ መሆኑን ነገሩኝ።

"አዎ፣ እሑድ ነው" አልኳቸው።

ፈገግ ብለው ቆሙ። እኔም ፈገግ ብዬ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ገባኝ።

ሸሚዝ ድምፅ የለውም። ማንንም ከእንቅልፉ አይቀሰቅስም። ግን እሑድ የዕረፍት ቀን ነው፤ የተሰጣ ልብስ ደግሞ ሥራ ነው። ጎረቤቴ ያን ቀን የሰው ሥራ ማየት አልፈለጉም። በልቤ ትንሽ ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ያስጠጋችኝ ወዳጄ ስትሰማ ሳቀችና ጉልበት የምታህል ተጣጣፊ ማስጫ አወጣችልኝ። ከበረንዳው ግድግዳ በታች ስለሆነች ከውጭ አትታይም። ሸሚዙ በዚያው ፀሐይ፣ በዚያው እሑድ ደረቀ። ካልታየ አልተሰጣም ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አውቄያለሁ ብዬ አትላንታ ገባሁ።

ወዳጄ ከከተማው ወጣ ባለ ሰፈር ቤት ገዝቷል። ጓሮው ሰፊ ነው፣ ሣሩ ምንጣፍ ነው፣ ሁለት ዛፎች ደግሞ በትክክል ሦስት ሜትር ተኩል ተራርቀው ቆመዋል። ገመዴን ያወቁ ይመስላሉ። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ። ሸሚዜን ጨምቄ፣ ገልብጬ፣ ታቹን ቆንጥጬ ሰቀልኩ። እማማ ቢያዩኝ ይኮሩብኝ ነበር። ወዳጄ ከሥራ መጣና ከመስኮት አየው።

"አንተ ሰውዬ፣ ልታስባርረኝ ነው?"

የቀልድ መስሎኝ ነበር። ቤቱ የራሱ ነው፣ ጓሮውም የራሱ ነው። ግን የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደንብ አለው፣ ቤቱን ሲገዛ ፈርሞበታል። የሣሩ ቁመት፣ የፖስታ ሳጥኑ ቀለም፣ የቆሻሻ ገንዳው የሚወጣበት ቀን፣ የልብስ ገመድ ክልክል መሆኑ። አሜሪካ ውስጥ በእንዲህ ዓይነት ማኅበራት ሥር የሚኖረው ሰው ከ70 ሚሊዮን በላይ ነው። በአራተኛው ቀን ደብዳቤው መጣ። ትሕትናው ልብ ያርዳል። "ከመንገድ የሚታይ ልብስ" ይላል። ሸሚዜ መዝገብ ላይ ገባ።

ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። "የቤቱ ዋጋ ይወርዳል ይላሉ" አለኝ። የተሰጣ ልብስ ማለት ማድረቂያ ማሽን መግዛት ያልቻለ ሰው ማለት ነው። ይህ አስተሳሰብ ከሰማይ አልወረደም። በ1950ዎቹ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች "በኤሌክትሪክ የተሻለ ኑሮ" እያሉ ትልቅ ዘመቻ ሲያካሂዱ ማሽኑ የኑሮ ደረጃ መለኪያ ሆነ። ገመዱ የድሃ ሆኖ ቀረ። በኋላ ግን የተቃወሙ ተነሱ። የካናዳዋ ኦንታሪዮ በ2008 ክልከላውን አነሳች። በዚያው ዓመት ኮሎራዶ፣ በቀጣዩ ዓመት ቨርሞንትና ሜይን ልብስ የማስጣትን መብት በሕግ ደነገጉ። አትላንታ ባለችበት በጆርጂያ ግዛት ግን ደንቡ ደንብ ነው።

ስለዚህ ሸሚዜ ማሽኑ ውስጥ ገባ። ውጭው 35 ዲግሪ እየነደደ፣ እኛ ለአንድ ዙር ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚበላ ማሽን አስነስተን ልብስ እናሞቃለን፤ ቤቱ እንዳይሞቅ ደግሞ ማቀዝቀዣው ይሠራል። ስንጨርስ ወዳጄ ማጣሪያውን አውጥቶ እንደ ጥጥ የተከመረውን ብናኝ ጠረገ። ያ ብናኝ ሌላ ምንም አይደለም፣ የልብሳችን ገላ ነው።

ሸሚዙ ወጣ። ሞቃት ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሽታ የለውም። የፀሐይ ሽታ የለውም ማለቴ ነው። ይህ የናፍቆት ወሬ እንዳይመስላችሁ፤ በ2020 የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፎጣ አጥበው ቤት ውስጥ፣ ጥላ ላይና ፀሐይ ላይ አድርቀው አወዳድረዋል። ፀሐይ ላይ የደረቀው ሌሎቹ ላይ ያልነበሩ ሽታ ያላቸው ውህዶች ተገኙበት። የሽቶ ሰዎች የሚያውቋቸው ዓይነት ናቸው። ፀሐይ እርጥቡን ጨርቅ ስትመታው እዚያው ላይ የሚፈጠሩ ናቸው ተባለ።

በሳምንቱ ወደ ፔንሲልቬንያ ተሻገርኩ። ላንካስተር ሰኞ ጠዋት ደረስኩ፤ ሳላስበው ነው። አሚሽ የሚባሉት፣ በጥንቱ አኗኗር የሚኖሩ ክርስቲያኖች፣ የልብስ ቀናቸው ሰኞ ነው። ከመንገድ ኤሌክትሪክ አይቀጥሉም፣ ማድረቂያ የሚባል ነገር የላቸውም። ከቤቱ በረንዳ ተነስቶ እስከ ጎተራው ጣሪያ ጫፍ የሚወጣ ረጅም ገመድ አየሁ፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ መዘውር አለ። የናፖሊው መዘውር! ሴትየዋ ከበረንዳው ሳትወርድ ትቆነጥጣለች፣ ትስባለች፣ ልብሱ ወደ ሰማይ ይወጣል። ወይን ጠጅ ቀሚስ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ከዚያ ጥቁር ሱሪዎች ከአባትየው እስከ ሕፃኑ በቁመት ተሰልፈው። ሸሚዞቹ ሁሉ በታቻቸው ነው የተቆነጠጡት። መኪናዬን አቁሜ አንድ በአንድ አየኋቸው። ከኋላዬ አውቶቡስ ቆሞ ጎብኚዎች ወረዱ፣ ስልክ አነሱ። በአትላንታው ሰፈር ደብዳቤ የሚያስጽፈው እዚህ ትኬት ተቆርጦ ይታያል።

ልመለስ አትላንታ አንድ ሌሊት አደርኩ። ሸሚዙ ደግሞ ቆሽሿል። አጠብኩና ወደ ማሽኑ ስሄድ ወዳጄ "ና" አለኝ። ጋራዡ ውስጥ ገባን፣ በሩን ወደ ታች አወረደው፣ ከመደርደሪያው እስከ ግድግዳው ምስማር ገመዴን ወጠርነው። እርጥቡን ሸሚዝ ገለበጥኩት። እሱ የራሱን ሁለት ካናቴራ አመጣ፣ ቀጥሎ የልጁን ማልያ። ማራገቢያ ከፈትንበት። ውጭ ውሻ የሚያናፍስ ሰው ሲያልፍ ሁለታችንም ዝም አልን።

ጠዋት ገመዱን ልፈታ ስሄድ እጄን ያዘኝ።

"እሱን እዚሁ ተወው" አለኝ። "መቆንጠጫዎቹንም።"