«እውነትህን ነው» ለማለት ፈልጌ፦ ከ«ትሩዝ» ጋር አምስት ሳምንት

ባለፈው ወር ድሬ ዳዋ የድሮው ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ላይ አንድ የውጭ አገር እንግዳ አገኘሁ። ሲጎበኝ ቆይቶ «ይህ ጣቢያ ባይኖር ይህች ከተማም ባልኖረች ነበር» አለኝ በእንግሊዝኛ። በጣም ደስ አለኝና አማርኛዬን እንዳለ ገልብጬ «ኢት ኢዝ ዩር ትሩዝ» አልኩት። «እውነትህን ነው» ማለቴ ነበር። ሰውዬው ዝም አለ። ቆይቶ «አልተስማማህም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው የገባኝ። በእነሱ ጆሮ «ላንተ እንደዚያ ይመስልሃል፣ ለእኔ ግን አይደለም» ያልኩት ያህል ነው።

እሁድ እሁድ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ለምንገናኘው የእንግሊዝኛ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው አንዱ «አቦ፣ እኔም እንደዚያው ነበር የምለው!» አለ። በዚያው «ትሩዝ»ን፣ እውነት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ለብቻው ልይዘው ወሰንኩ።

መጀመሪያ የገባኝ ይህ ነው። በአማርኛ እውነትን ለሰው እናስይዛለን፦ እውነትህን ነው፣ እውነቷን ነው፣ እውነታቸውን ነው። እንግሊዝኛ ሥራውን ለሁለት ይከፍላል። ሰውየው «ራይት» ነው፣ የተናገረው ነገር ደግሞ «ትሩ» ነው። ስለዚህ ለእንግዳው «ዩ አር ራይት» ወይም «ዛትስ ትሩ» ማለት ነበረብኝ። ሰውን «ትሩ» ካልነው ትርጉሙ ሌላ ነው፤ «ትሩ ፍሬንድ» ማለት የማይከዳ ወዳጅ ነው። ይህቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛው ሳምንት በድምፁ አለቀ። የ«ትሩዝ» መጨረሻ «ዝ»ም፣ «ስ»ም፣ «ት»ም አይደለም። የምላስን ጫፍ በላይና በታች ጥርስ መካከል አድርጎ ትንፋሽ ብቻ መልቀቅ ነው፤ ጉሮሮ መንዘር የለበትም። ከመካከላችን ቀድማ ያወጣችው ልጅነቷን ቁርአን ስትቀራ ያሳለፈችው ጓደኛችን ናት። «ዓረብኛ ሦስትን ስንቆጥር 'ሠላሣ' የምንላት ላይ ያለችው ድምፅ እኮ ናት» አለችን። ከዚያ በኋላ እኔም አገኘኋት። አጻጻፉ ላይ ደግሞ «ትሩ» መጨረሻዋ ኢ ነው፣ «ትሩዝ» ላይ ግን ኢዋ ትወድቃለች። ብዙዎቻችን እዚያ ላይ እንሳሳታለን።

«እውነቱን ተናገር» ለማለት «ሴይ» ሳይሆን «ቴል» ነው የሚሄደው፦ «ቴል ዘ ትሩዝ»። «ዘ» እንዳትረሳ። ሕልም እውን ሲሆን «ካም ትሩ» ይባላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደምንለው እነሱም «ዘ ትሩዝ ዊል ካም አውት» ይላሉ። በፍርድ ቤት መሐላቸው ላይ እውነት ሦስት ጊዜ ይነሳል፤ እውነቱን፣ ሙሉ እውነቱን፣ ከእውነት በቀር ምንም ላለመናገር ነው የሚምሉት። መካከለኛውን በጣም ወደድኩት። ግማሹን ነግሮ ሌላውን መደበቅም መሐላውን ማፍረስ ነው፤ ለዚያ «ሃፍ ትሩዝ» የሚል ቃልም አላቸው።

ከሁሉም ይበልጥ የያዘኝ ግን የቃሉ የትውልድ ሐረግ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ መጀመሪያ ታማኝነት፣ ቃልን መጠበቅ ማለት ነበር። ከዚያው ሥር «ትሮዝ» የምትባል አሮጌ ቃል አለች፣ ቃል ኪዳን ማለት ናት፤ ለጋብቻ መተጫጨትን የሚገልጸው «ቢትሮዝ» የወጣው ከእሷ ነው። ተኩስ ለማቆም መስማማትም «ትሩስ» ይባላል፣ እሱም ዘመዷ ነው። ለካ እኛ ምላሳችን አልታዘዝ ብሎ «ትሩዝ»ን «ትሩስ» ስንል የነበረው ተኩስ አቁም እያልን ነው! «ትሩ ፍሬንድ»ም የድሮውን ትርጉም እንደያዘ የቀረ ነው።

ይህን ባነበብኩበት ሌሊት ግዕዝ ትዝ አለኝ። በግዕዝ እውነት «አማን» ነው። ማመን፣ እምነት፣ ታማኝ፣ ሁሉም ከዚያው ከአመነ ቤት ናቸው። በቤተ ክርስቲያን «አሜን»፣ በመስጊድ «አሚን» የምንለውም የዚያው ሴማዊ ሥር ነው። እጅግ የተራራቁ ሁለት ቋንቋዎች እውነትን ከመታመን ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አኑረውታል። ቁጭ ብዬ ብዙ አሰብኩበት። ሐቅ ደግሞ በዓረብኛ እውነትም መብትም ነው፤ እኛ ሰፈር በኦሮምኛ ዹጋ፣ በሶማሊኛ ሩን ይባላል። በአንድ ገበያ ውስጥ ሁሉንም ትሰማላችሁ።

ጎረቤቴ ጋሼ ባቡር ድርጅት ስለሠሩ ፈረንሳይኛ ያውቃሉ። ማስታወሻዬን ሳሳያቸው «ቬሪቴ የምንለው ነዋ!» አሉ። በእሳቸው ምክንያት ስፈልግ ያገኘሁት ደግሞ ሌላ ነው። እንግሊዝኛው «ቬሪ»፣ በየዕለቱ «በጣም» ለማለት የምንጠቀምበት፣ ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መጀመሪያ «እውነተኛ» ማለት ነበር።

«ፋክት»ንና (በእርግጥ የሆነውን ነገር) «ትሩ»ን (ስለዚያ የሚነገረው ልክ ሲሆን) ለመለየት እሳቸውን ጠየቅኳቸው፣ ባቡር ድሬ ዳዋ የገባው መቼ ነው ብዬ። «በ1895» አሉኝ። ያነበብኩት 1902 ይላል። ሁለቱም «ትሩ» ናቸው፣ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እስከተነገረ ድረስ። ሁለት እውነት ግን አይደለም፤ ፋክቱ አንድ ነው፣ ባቡሩም አንዴ ነው የገባው። ለእሁዱ ጥናታችን ይህንን ምሳሌ ነው የወሰድኩት፣ ሁሉም ወዲያው ያዙት።

አሁን የቀረኝ ብዙ ቁጥሩ ነው። «እውነቶች» ለማለት መጨረሻው ይለወጣል፤ ያቺ ትንፋሽ ብቻ የነበረችው ድምፅ ብዙዎቹ ሲናገሯት ጉሮሮን ታነዝራለች፣ ወዲያው ዝ ይከተላታል። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የደቻቱን ድልድይ እስክሻገር ድረስ እየደጋገምኩት ነው። እስካሁን ከአሥሩ አራቱ ይወጣልኛል።