ከዋርድ በፊት የሚቀድመው ትምህርት፦ የነርሲንግ ተማሪዎችን በኦንላይን ማዘጋጀት

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ የነርሲንግ ተማሪዎቻችን ወደየቤተሰባቸው ተበተኑ፤ እኔም የትምህርት ጽሑፎችን በቴሌግራም እልክላቸው ጀመር። ወረርሽኙ ጋብ ብሎ ወደ ባሕር ዳር ሲመለሱ፣ ያ ልምድ የክፉ ቀን መሸጋገሪያ ብቻ ሆኖ እንዲቀር አልፈለግሁም። የማስበው አንድ ነገር ነበር፦ ተማሪው ዋርድ፣ ማለትም ሕመምተኞች የሚተኙበት ክፍል ገብቶ ወደ ሕመምተኛው አልጋ ከመቅረቡ በፊት በስልኩ ሊማረው የሚችለው የትኛው ነው? በእጁ ካልሠራው የማያውቀውስ?

በመሠረታዊ ነርሲንግ ኮርስ ጀምሬ እያንዳንዱን ክህሎት በዚህ ጥያቄ ለሁለት ከፈልሁት። በደም ሥር ፈሳሽ መስጠትን ብንወስድ፣ የደም ሥሩን ዳስሶ ማግኘት የክህሎት ላቦራቶሪው ሥራ ነው፤ የጠብታ ስሌቱ ግን ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት እንዲገባ ሲታዘዝና የፈሳሽ መስጫው ቱቦ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያንጠባጥብ ሲሆን፣ በደቂቃ ወደ 42 ጠብታ ይመጣል። ይህን በሰሌዳ ላይ ስናሰላ ተማሪዎች በአንድ የክንድ ሞዴል ዙሪያ ተሰልፈው ተራ ይጠብቁ ነበር። ስሌቱን ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁጥሩ እየተለዋወጠ በሚቀርብለት የሙድል (የኦንላይን ትምህርት መስጫ ሥርዓት) ጥያቄ ስተካው፣ የላቦራቶሪው ሰዓት ሙሉ በሙሉ ለእጅ ሥራ ተለቀቀ። ከጠቅላላው ለውጥ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በጣና ዙሪያ ወባ የዘወትር ሕመም በመሆኑ የመድኃኒት ስሌቱንም ከዚያው አመጣሁ። ለከባድ ወባ የሚሰጠው አርቴሱኔት ከ20 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ሕፃን በኪሎ 3 ሚሊ ግራም፣ 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ ታካሚ ደግሞ 2.4 ሚሊ ግራም ነው፤ ስለዚህ 18 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 54 ሚሊ ግራም ሲያገኝ 20 ኪሎ የሚመዝነው 48 ያገኛል። ትንሹ ልጅ ስለምን ብዙ እንደሚወስድ በኦንላይን የተነሣው ክርክር፣ የትንንሽ ልጆች ሰውነት በኪሎ ተመሳሳይ መጠን ሲሰጠው በደም ውስጥ የሚገኘው መድኃኒት አነስተኛ እንደሚሆን ከማንኛውም ገለጻዬ በተሻለ አስረዳቸው።

ቪዲዮ ከወረቀት በግልጽ የሚበልጥበት ቦታም አለ። የሕፃንን አተነፋፈስ ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር፣ ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን መሆኑን መለየት የሚለመደው ደጋግሞ በማየት ነው። ለዚህ የምጠቀመው ለስልጠና የተዘጋጁ ቪዲዮዎችን ብቻ ነው፤ ዋርድ ውስጥ ሕመምተኛን በስልክ መቅረጽ ለተማሪም ለመምህርም ፈጽሞ አልፈቅድም።

መብራትና ኢንተርኔት የሚቋረጡ መሆናቸውን ከመነሻው ታሳቢ አደረግሁ። ቪዲዮዎቹ አጫጭርና መጠናቸው የተቀነሰ ነው፤ የሙድል የስልክ መተግበሪያም ትምህርቱን አስቀድሞ ለማውረድ፣ መምህሩ ከፈቀደም ጥያቄውን ያለ ኢንተርኔት ለመመለስ ያስችላል። የማስረከቢያ ጊዜውን ከአንድ ሌሊት ይልቅ ሳምንቱን በሙሉ ክፍት ማድረጌ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች ትልቅ እፎይታ ሆነ።

የዋርድ ነርሶችን ማሳመን ግን ጊዜ ወስዷል። አንዲት አንጋፋ ሲስተር፦ «መምህር፣ በስልክ የተማረ ልጅ ሕመምተኛ ፊት ሲቆም የሚያየው ስልኩን እንዳይሆን» አሉኝ። ስጋታቸው ተገቢ ነበር። በኦንላይን የምጠቀምበትን የሥራ ቅደም ተከተል ቼክሊስት ሰጠኋቸው፤ እርሳቸውም በዋርዱ አሠራር መሠረት አስተካከሉት፤ ከዚያ በኋላ ተማሪው በስልኩ ያጠናውና ዋርድ ውስጥ የሚጠየቀው አንድ ሆነ። ከዘጌ በጀልባ የመጡ እናትን «እማማ» ብሎ ቀርቦ፣ የሚሠራውን አስረድቶ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ ልብሳቸውን መግለጥን ግን ተማሪዎቹ የሚማሩት ከእኚሁ ሲስተር ነው።

ስለዚህም የኦንላይን ጥያቄው ወደ ላቦራቶሪ መግቢያ ሆኖ ያገለግላል እንጂ የክህሎት ውጤት አይሰጥበትም። ስሌቱን ያላለፈ ተማሪ እንደገና ይሞክራል፤ ካኑላ (ፈሳሽ የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ) ወደ ደም ሥር ማስገባትን ግን መምህርና የዋርድ ነርስ ቆመው እያዩ ይፈተናል፤ በፈተናው ላይ ሕመምተኛውን ያነጋገረበት መንገድም ነጥብ አለው።