ወንዙ ወደ ድንጋይ የገባበትና የወጣበት
በስሎቬኒያና በጣሊያን ድንበር ላይ በተዘረጋው የካርስት አምባ ስጓዝ አስቀድሞ ያስገረመኝ ውሃ አለመኖሩ ነው። አገሩ ለምለም ነው፤ ዝናቡም አያንስም። ነገር ግን ጅረት አይታይም፤ ሌሊቱን የወረደው ዶፍ ሲነጋ ደብዛው ጠፍቷል። በየመንገዱ ዳር የሰመጡ ክብ ጎድጓዳዎች አሉ፤ በወለላቸው ቀይ አፈር ተጠራቅሟል። ዝናቡ በእነሱና በድንጋዩ ስንጥቆች ሁሉ ወደ ታች ይሰርጋል።

አምባው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ብቻውን ግን ይህን ድንጋይ የመብላት አቅሙ ትንሽ ነው። ጉልበት የሚያገኘው ከአፈሩ ነው። ሥሮችና ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሚተነፍሱ በአፈር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውጭው አየር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ውሃው ይህን ጋዝ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆንና ድንጋዩን እያሟሟ ይወርዳል። የሰፋ ስንጥቅ ብዙ ውሃ ይስባል፤ ብዙ ውሃ የሳበውም ይብስ ይሰፋል። በዚህ ሽሚያ ጥቂቶቹ ከሌሎቹ ቀድመው ቦይ፣ ከዚያም ዋሻ ይሆናሉ።

በስሎቬኒያ ወዳለው የሽኮትሲያን ዋሻ ስደርስ ይህ ሁሉ በዓይኔ ፊት ነበር። ሬካ ወንዝ ውሃ በማያሰርግ ምድር ላይ እንደማንኛውም ወንዝ ሲፈስ ይቆይና የኖራ ድንጋዩን ሲያገኝ ከገደል ሥር ይገባል። በዋሻው ውስጥ ያለው ድልድይ ከወንዙ 45 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እዚያ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ ከውሃው ይልቅ ድምፁ ቀድሞ ደረሰኝ፤ ወንዝ በጨለማ ሸለቆ ውስጥ ሲያገሳ መስማት ከጠበቅሁት ሁሉ የበለጠ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ትልቁ አዳራሽ፣ የማርቴል አዳራሽ፣ መውጫው ጠባብ ነው። ከባድ ጎርፍ ሲመጣ ውሃው ማለፊያ አጥቶ ወደ ላይ ይከማቻል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወንዙን ተከትሎ መሄድ አይቻልም። ለትሪየስቴ ከተማ ውሃ ይፈልግ የነበረው ሊንድነር እ.ኤ.አ. በ1841 ትሬቢቻኖ አጠገብ ከ300 ሜትር በላይ በሚወርድ ጥልቅ ጉድጓድ ታች የሚፈስ ውሃ አገኘ። ያን ያህል ጥልቀት ያለውን ውሃ ወደ ከተማው ማምጣት ግን አልሆነም።

እኔ መንገዱን በምድር ላይ ቀጥዬ ዱዊኖ አጠገብ ወዳሉት የቲማቮ ምንጮች ወረድሁ። ከሽኮትሲያን በቀጥታ ሲለካ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከድንጋይ ሥር የሚወጣው ምንጭ ብቻ ሊባል አይችልም፤ ሙሉ ወንዝ ነው፤ ከ2 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላም አድሪያቲክ ባሕር ይገባል። ተመራማሪዎች የሁለቱን ግንኙነት ለማረጋገጥ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሊቲየም ጨው በሬካ ውስጥ ጨምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹም ምልክት የተደረገባቸውን ዓሣዎች፣ እባብ የሚመስሉትን ኢል፣ ለቀዋል። አንዳንዶቹ በቲማቮ ተገኝተዋል። ልብ የሚያሳርፈው ግን የመጠኑ ልዩነት ነው፤ ሬካ በአማካይ በሰከንድ 8 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ሲያስገባ ቲማቮ 30 ገደማ ያወጣል። ትርፉ በየስንጥቁ የሰረገው የአምባው ዝናብና ከሌላ ወንዝ በመሬት ውስጥ የሚመጣ ውሃ ነው። በአምባው ላይ ያጣሁት ዝናብ የገባበትን እዚህ አገኘሁት።

ከመሬት የፈለቀ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነው የሚለው እምነት በዚህ አገር አደገኛ ነው። በአሸዋና በወፍራም አፈር ውስጥ ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ ይጣራል። በዋሻ ቦይ ግን በቀን ኪሎ ሜትሮችን ሊሮጥ ይችላል፤ ከላይ የተቀበለውን ጀርምና ቆሻሻ እንደያዘ ይወጣል። በአንዱ ጎድጓዳ የተጣለ የሞተ ከብት የሩቅ መንደር የመጠጥ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ይህን በቸልታ ላልፈው አልችልም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በላይኛው የሬካ ተፋሰስ የነበሩ ፋብሪካዎች የለቀቁት ቆሻሻ ወንዙን ክፉኛ በክሎት ነበር፤ ከፋብሪካ የወጣውም ዋሻው ድረስ ደርሷል። ሽኮትሲያን እ.ኤ.አ. በ1986 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፣ የዋሻውን አፍ ማጠር ብቻውን ምንም አያድንም። ስለዚህም ዛሬ የጥበቃው ክልል ከዋሻው አልፎ መላውን የሬካን ተፋሰስ ይጨምራል።